ስለ አንድ በሬና ስለ አንድ የዶሮ ክንፍ

ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ደምሴ ውሸታም መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ደምሴ እኔ ነኝ። ውሸታም የሆንኩበትን ሰዓት ሳይቀር አስታውሰዋለሁ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ቅዳም ሹር ነው፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ። ከዚያ በፊት የነበረው ደምሴ ሌላ ሰው ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ እሱን ላስተዋውቃችሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልፎ አልፎ ይናፍቀኛል።

ያኔ ልደታ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት ፋይል ሳወጣና ፋይል ስመልስ ኖሬ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። ዋናው ሥራዬ ግን ከሥራ ሰዓት በኋላ ነበር የሚጀምረው። አብነት አንዲት ሻይ ቤት አለች፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ዓለምን አስተዳድር ነበር። የትኛው ኃያል አገር ማንን እንደሚወር፣ ማዕቀብ መቼ እንደሚሠራ፣ የተባበሩት መንግሥታት ምን ማድረግ እንደነበረበት ከኔ በላይ የሚያብራራ አልነበረም። እኔ ራሴ ከአገር መውጣት ይቅርና ድሬዳዋን እንኳን አላየሁም፤ ይሄ ግን ትንታኔዬን አንድም ቀን አላደናቀፈውም። በተለይ የምወደው ርዕስ የገለልተኛ መርማሪ ጉዳይ ነበር። የሚደብቀው ነገር የሌለው አገር ለምን መርማሪ አያስገባም እያልኩ ጠረጴዛ እመታለሁ። ሰውም ልክ ነው ጋሽ ደምሴ ይለኛል።

አንድ ልጅ አለችኝ፣ ማህሌት ትባላለች። የእንስሳት ሐኪም ናት። ተመርቃ ሥራ ከያዘች በኋላ መሥሪያ ቤቷ ለሦስት ወር ሥልጠና ኔዘርላንድ ላካት። ያን ሰሞን ሻይ ቤቷ ውስጥ ስለ ኔዘርላንድ የማልሰጠው መግለጫ አልነበረም። ልጅቷ ስትመለስ ታዲያ ሻንጣዋን እንኳን በደንብ ሳትፈታ ሥጋ መብላት እንዳቆመች ነገረችን። ወተትም፣ እንቁላልም፣ ቅቤም። ባለቤቴ ዘነበች ስእለት የገባች መስሏት መጀመሪያ ደስ አላት። እስከ መቼ ነው ብትላት ለሁልጊዜ አለቻት። የየትኛው ታቦት ነው ብትላት ለእንስሳቱ ብዬ ነው አለቻት። ዘነበች ለእንስሳ የሚጾም ሰው ሰምታ ስለማታውቅ ጠበል ልትወስዳት ተነሥታ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስተውኳት።

ለኔ ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። ፖለቲካ ነው። በማግስቱ ሻይ ቤት ሄጄ አስረዳሁ። ፈረንጅ ሥጋውን እስኪበቃው በልቶ፣ እኛ ገና ልናጣጥም ስንል ነውር ነው ይለናል፣ ከብቶቻችንን ሊያስጨርሰን ነው፣ ልጆቻችንን እየወሰደ አእምሯቸውን አጥቦ ይመልስልናል አልኩ። ሊያጨበጭቡልኝ ምንም አልቀራቸው። ቤት ስገባ ግን ይህንን ለልጄ ፊት ለፊት አልነገርኳትም። እሷም ሽሮዋን ትበላለች። የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? እኛ እኮ በዓመት ግማሹን ቀን ከሥጋና ከወተት ርቀን የምንኖር ሰዎች ነን። በሁዳዴ ሃምሳ አምስቱን ቀን እኔና ልጄ የምንበላው አንድ ነው። ያጣላን ሃምሳ ስድስተኛው ቀን ነው።

ወደ በሬው ልምጣ። በግቢያችን ለፋሲካ አስራ አራት አባወራ ሆነን ቅርጫ እንገባለን። በሬ በጋራ ገዝተን፣ ኮሙናል የምንለው የጋራ ቤት ደጃፍ አሳርደን፣ እኩል እየመደብን በዕጣ እንካፈላለን። ሰብሳቢያችን ሻምበል ታደለ ናቸው፤ እሳቸው ከውትድርና ጡረታ ወጥተዋል፣ ቁጣቸው ግን ገና በሥራ ላይ ነው። የዚያን ዓመት በሬ ገዢ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ይሄ በኛ ግቢ ትልቅ ሹመት ነው። ያመጣኸው በሬ ከሲታ ከሆነ እስከሚቀጥለው ፋሲካ ደረጃ ላይ ሰው ባገኘህ ቁጥር አንገትህን ደፍተህ ነው የምታልፈው።

ሐሙስ ዕለት ከብት ገበያ ሄድኩ። ሻኛው እዚህ ድረስ የሆነ ቀይ በሬ ዓይኔ ገባ። ሻጩ ጥሩ አድማጭ ሰው ነበር፤ ስለ ሩቅ አገር ጦርነትና ስለ ስንዴ ዋጋ እስክጨርስለት ድረስ ራሱን እየነቀነቀ በሬውን በአንድ ጎኑ ይዞልኝ ቆመ። ልንጭነው ስናዞረው የኋላ እግሩ ላይ ፀጉር የሌለው ጠባሳ አየሁ። ምንድነው ስለው ገመድ ነው አለኝ። ገመድ ነው አልኩ እኔም። አፍንጫውን ዳሰስ ዳሰስ አድርጌ አስጫንኩት።

አድሮ ዓርብ በአይሱዙ ግቢያችን ገባ። ልጅ አዋቂው ወጥቶ ከበበው፣ ፎቶ ተነሡበት። ሻምበል ሦስቴ ዞረውት እጅህ ይባረክ አሉኝ። በሠላሳ ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራዬ ያቺን የመሰለች ምስጋና አላገኘሁም። በሬው ከኮሙናሉ ጀርባ ታሰረ፤ የሚታረደው እሁድ ማለዳ ነው።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ማህሌት ባልዲ ይዛ ወረደች። ማንም ውሃ እንዳልሰጠው አይታ ነው። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። በሬው ውሃው ላይ አፉን ይደፋል፣ ግን መዋጥ አይችልም አለችኝ። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ድምፁ ሰልሏል፣ የኋላ እግሩ ይከዳዋል። ጠባሳውንም አይታዋለች።

"አባዬ፣ የውሻ ንክሻ ነው የሚመስለው። በላቦራቶሪ ካልሆነ እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ይዞታል ብዬ ነው የምፈራው። መታረድ የለበትም፤ ማንም እንዳይነካው።"

አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ያኔ ምን እንደሰማሁ ነው። በሽታ የሚለውን አልሰማሁም። የሰማሁት አስራ ሦስት አባወራ ሲስቅብኝ ነው። በሬ ከመታረዱ በፊት እንደዚያ ነው፣ ሆዱ ባብቶ ነው፣ ተይው አልኳት። እሷ አልተወችውም።

"ነገ ጠዋት እጁን በሬው አፍ ውስጥ የሚከተው ወልዴ ነው" አለችኝ። "ይሄ በሽታ በለሃጭ ነው የሚተላለፈው፤ አንዴ ሰው ላይ ከታየ መዳኛ የለውም።"

ወልዴ አራጃችን ነው። ስንትና ስንት ዓመት ያረደልን፣ ጨዋ፣ ሦስት ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው። ምላሱን ስቦ የሚያወጣው፣ የበሬውን ጭንቅላት ገፎ የሚወስደው እሱ ነው፤ ጭንቅላቱ የእሱ ድርሻ ነው። በዚያ ላይ የዚያን ቀን ሌላ ቤት በግ ሲያርድ አውራ ጣቱን ቆርጦት በጨርቅ ጠቅልሎት ነበር። እኔ ደግሞ ጨርቁን ጠዋት አይቼ እግዜር ይማርህ ብዬዋለሁ።

ማህሌት ለመሥሪያ ቤት አለቆቿ ደወለች፤ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ስልካቸው ዝግ ነው። ቀጥ ብላ ሻምበል ቤት ሄደች። አስር ሰዓት ላይ ቅርጫ የገባ ሁሉ ኮሙናሉ ደጃፍ ተሰበሰበ። ሁሉም ጭንቅላቱ ላይ ቄጠማ አስሯል። ግማሹ እያከፈለ ነው፤ ከዓርብ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰም። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ ነገ ሥጋ የለም ማለት ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት።

ልጅቷ ረጋ ብላ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሻምበል ጥያቄያቸው አጭር ነበር።

"ዶክተር፣ አንቺ ሥጋ ትበያለሽ?"

"አልበላም።"

"በሬስ እንዲታረድ ትፈልጊያለሽ?"

"አልፈልግም፣ ሻምበል። ግን ጤነኛውን በሬ ታሟል ብዬ አልዋሽዎትም።"

ሳቁ። አንዱ ይህቺማ በሬ ሁሉ ታሞ ነው የሚታያት አለ። ሌላው ደግሞ ፈረንጅ አገር ያስተማሯት ይሄንን ነው፣ ጋሽ ደምሴ ራሱ ነግሮናል አለ። እውነቱን ነው፤ ነግሬያቸዋለሁ። ከሻይ ቤት የለቀቅኳት ወሬ ከኔ ቀድማ ግቢ ገብታለች። በመጨረሻ ሻምበል ወደኔ ዞሩ፣ አንተስ ምን ትላለህ አሉኝ።

ያ መርማሪ ይግባ እያለ ጠረጴዛ የሚመታው ደምሴ፣ መርማሪዋ ፊቱ ቆማለች፣ ያውም የገዛ ልጁ። ምን ቢል ጥሩ ነው? "በሬውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጤነኛ ነው። ልጄ ሆዷ ቡቡ ነው፣ አሳዝኗት ነው" አለ።

ማህሌት አንዴ አየችኝና ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ ምን ባደርግ ታምኑኛላችሁ ብላ ጠየቀች።

"ሥጋ ብዪ" አሉ ሻምበል። "ሥጋ የምትበይ ሰው ብትሆኚ ኖሮ እናምንሽ ነበር።"

ሁሉም ትክክለኛ ፍርድ ነው ብሎ ተቀበለው። ቀኑ ምን ቀን እንደሆነ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ማህሌት መሬት መሬት እያየች እሺ አምጡ አለች።

ያኔ ነው ጉዱ የፈላው። ለካ ቅዳም ሹር ነው! ከዓመት እስከ ዓመት ቅዳሜ የማይጾም ሰው ሁሉ የሚጾማት አንዲት ቅዳሜ። ሥጋ ብዪ ያለው ሸንጎ በሙሉ ጿሚ ነው። ከየት ይምጣ? ያለው ሥጋ በየቤቱ ለሌሊቱ መፈሰኪያ እየተሠራ ያለው ዶሮ ወጥ ነው፤ ሽታው ደረጃውን ሞልቶታል። የማን ድስት ይከፈት? በማን ቤት ወጥ ጾም ይሻር? ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ያያል። እንደዚያ እርስ በርስ ሲተያዩ ዘነበች ከመሀል ተነሥታ ወጣች። ዘነበች ከዓርብ ጀምሮ ውሃ ባፏ አልዞረም። አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ፣ ግድግዳ እየያዘች ወረደች። በሰሃን ላይ አንድ የዶሮ ክንፍ ይዛለች።

"ብዪ ልጄ" አለቻት። "ኃጢአቱ በኔ ይሁን።"

ማህሌት በላች። አስራ አራት አባወራ ቆሞ እያያት፣ ክንፏን ከአጥንቷ እስክትለይ ድረስ በላች። ስትውጥ ጉሮሮዋ እንዴት እንደተቸገረ አይቻለሁ። እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ አልጠረገችውም። አንድ ሰው ያመነበትን ነገር ለሌላ ሰው ነፍስ ብሎ ሲውጥ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም እዚያው ቆሜ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ አየኋት። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

አጥንቷን ሰሃኑ ላይ አስቀምጣ በሬውን ማንም እንዳይነካው አለች። ሻምበል ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። ሊስማሙ ነው ብዬ ነበር። ከኋላ ግን አንድ ድምፅ መጣ፦

"በቅዳም ሹር ሥጋ የበላች ሰው ቃሏ እንዴት ይታመናል?"

ሰው ሁሉ ይህንን ሲሰማ እፎይ አለ። እውነትም እኮ! ጾም የሻረች! ራሳቸው አዝዘው፣ ራሳቸው ቆመው አስበልተው፣ አሁን በላች ብለው ተቀየሟት። ሻምበልም ትበላለች ብለው እንዳላሰቡ ተናገሩ። ስብሰባው ተዘጋ፤ በሬው በቀጠሮው ይታረዳል። ወልዴን በሬውን ወደ ማረጃው አስጠጋው አሉት። ወልዴ ጣቱን እንደጠቀለለ ወደ በሬው ሄደ። ማህሌት ከፊቱ ቆመች። እሱ በትህትና፣ እህቴ እባክሽ ሥራዬ ነው፣ ዞር በዪልኝ አላት። በሬው በዚያ በሰለለ ድምፁ ጮኸ። ወልዴ በእሷ ጎን አልፎ ገመዱን ሊይዝ እጁን ሰደደ።

"ወልዴ፣ ተወው" አልኩ።

ድምፄ ለራሴም አዲስ ነበር። ሁሉም ዞረ። ምን ልል እንደሆነ አላወቅኩም። ልጄ እውነቱን ነው የምትለው ብል ምን እንደሚሉኝ ግን አውቃለሁ፤ ልጁ አለቀሰችበት፣ ሆዱ ራራ ይላሉ። ስለዚህ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

"በሬውን ያበደ ውሻ ነክሶታል። ሻጩ ነግሮኛል። ዋጋውን ስላረከሰልኝ ደበቅኳችሁ።"

ስለ ሻጩ ያልኩት አንዲት እውነት የለበትም። ሻጩ ያለኝ ገመድ ነው ብሎ ነው፤ ዋጋም አልቀነሰልኝም። ግን እግዜር ያሳያችሁ፣ በአንድ አፍታ አመኑኝ! ማስረጃ አምጣ ያለ የለም፣ ሥጋ ትበላለህ ወይ ያለ የለም። አምስት ዓመት ተምራ የመጣችውን ሐኪም ለመቀበል ክንፍ ያስበሉ ሰዎች፣ ደምሴ አጭበርባሪ መሆኑን ለመቀበል ትንፋሽ እንኳን አልወሰዱም። ሻምበል ገና ከመኪና ሲወርድ ጠርጥሬ ነበር አሉ። ሌላውም እኔም ጠርጥሬ ነበር አለ። ትናንት እጅህ ይባረክ ያለኝ ሰው ሁሉ ጠርጣሪ ሆኖ ተገኘ።

ወልዴ ወደ ኋላ አፈገፈገ። በሬውን ሳይነካው እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ከዚያ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ምን በድዬዎት ነው?"

ይህንን እስከምሞት አልረሳውም። ምንም አልበደልከኝም አልኩት። ማህሌት አባዬ አይደለም ብላ ልትጀምር ስትል ዝም በዪ ብዬ አፈጠጥኩባት።

በሬው እሁድ ተኝቶ ዋለ፤ ሰኞ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ከመሥሪያ ቤቷ የመጡ ባለሙያዎች ከነጓንታቸው መጥተው ጭንቅላቱን ለምርመራ ወሰዱ። ውጤቱ ማህሌት የፈራችው ሆነ። እኔም ገበያ ላይ አፍንጫውን ስለዳሰስኩ ክትባት ጀመርኩ። መርፌ የምትወጋኝ ልጅ እያወቁ ለምን ነኩት አባባ አለችኝ፤ ወሬው ለካ እሷም ጋ ደርሷል። የምርመራው ውጤት ልጄን እውነተኛ፣ እኔን ደግሞ የባሰ ወንጀለኛ አደረገን። ከዋጋው አተረፍክ ተብዬ፣ ያልወሰድኩትን ገንዘብም ከነይቅርታዬ መለስኩ።

ከቅርጫ ስሜ ተሰረዘ። ሻይ ቤትም ቢሆን አበቃ። ስለ አንዱ ጦርነት ልተነትን አፌን ስከፍት አንዱ ቀበል አድርጎ ሻጩ ነግሮህ ነው ይለኛል፤ ሁሉም ይስቃል። ከዚያ ወዲህ ዓለም የምትተዳደረው ያለ እኔ ነው። ውጤቱን እያያችሁት ነው።

ማህሌት እውነቱን ለማውጣት ሞክራለች። ሻምበል ቤት ሄዳ አባቴ ያን የተናገረው ወልዴን ለማዳን ነው ብትላቸው፣ አባትሽ ነው፣ ብትሸፍኚለት ማንም አይፈርድብሽም አሏት። አይዞሽ፣ አባት አይመረጥም የሚሏትም አሉ። እሷ ግን ተከብራለች። ዛሬ ማህሌት ሳታየው ግቢያችን የሚገባ በሬ የለም። ወልዴ እሷን ሲያይ ከሩቅ ቆቡን ያነሳል፤ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ሦስቱ ልጆቹ ግን ሲሮጡ አያቸዋለሁ፤ ያ ይበቃኛል እላለሁ። አንዳንድ ቀን አይበቃኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ሥጋ ተዉ ልላችሁ አይደለም፤ እኔ ራሴ አልተውኩም። እንደ ልጄ ቪጋን ስለሆኑ ሰዎችም፣ ስለ ፈረንጅም አሁን ይሄ ነው የምለው አቋም የለኝም። ብቻ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቤታችሁ ውስጥ አንድ ነገር ከናንተ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ስለ እሱ ውጭ ወጥታችሁ አትተንትኑ። ያላገጣችሁባትን ልጅ የኋላ ኋላ አገር ሁሉ ያላግጥባታል፤ ያን ጊዜ እውነቷን ለማዳን ውሸት ያስፈልጋችኋል።

ዘንድሮ ፋሲካ ግቢው እንደ ወጉ አረደ። በሬውን መርምራ ያሳለፈችው ማህሌት ናት። ሲካፈሉ ሰዎቹ መከሩና፣ ሳትጠይቅ፣ ለዶክተራችን ብለው አንድ መደብ ጨመሩላት። ሥጋ ለማትበላ ሰው! እሷም አመሰግናለሁ ብላ ተቀበለች። በላስቲክ ሳፋ ተሸክማ አራት ፎቅ ወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ላንተ ነው አባዬ" አለችኝ።

ዘነበች ጥብስ አደረገችው። ማህሌት ሽሮዋን ይዛ ከፊቴ ተቀመጠች፤ እኔ ጥብሱን ጎረስኩ። ያቺን የዶሮ ክንፍ እያሰብኩ ሥጋው ምን ምን እንደሚል አላወቅኩትም። እሷ መብላቷን ትታ እያየችኝ ነበር።

"ይጣፍጣል?"

ይጣፍጣል አልኳት። አመነችኝ።